በሁለት ሳጥን ስለ ተሰማው የአሊዪ ድምፅ ለክቡር ሬዚደንቴ የተሰጠ ምስክርነት

ይድረስ ለክቡር ሬዚደንቴ፣ በጣሊያን መንግሥት ስም የሸዋ ሮቢትና የዙሪያዋ ጠባቂ፣ የመንገዱ አስጠራጊ፣ የመስጊዱ አስለሳኝ፣ የሕዝቡም ሁሉ አድማጭ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቆላችን ወባ የአገር ባላባት ናትና አዲስ የገባን እንግዳ ሳትጠይቅ አታልፍም፤ ዘንድሮ እርስዎን ዘላ ወደ ሌላ ቤት መግባቷን ስሰማ ከልቤ ተገርሜአለሁ። እግዚአብሔር የሚገባዎትን ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከዚያ ላይ አንዲት ቀን እንዲያጎድልብዎም ሆነ እንዲጨምርልዎ አልለምንም።

እኔ ሰይፉ አንበርብር ነኝ፤ በደሴ መንገድ ዳር የካሚዮን ነጂዎች የሚበሉበትን ምግብ ቤት ከባለቤቴ ከደብሪቱ ጋር የምመራው። ባለፈው ወር ደጄ ድረስ መጥተው የአዳራሼን ግድግዳ በእርምጃ ሲለኩ፣ ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ለካ የፈለጉት ስፋቱን ብቻ ኖሯል። ከአስመራ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ወለል ላይ የሚቆሙ የድምፅ ሳጥኖች አስመጥተው፣ አንዱን ለራስዎ ሳሎን ሊያስቀሩ፣ ሌላውን ለነጋዴው ሊመልሱ አስበው፣ የሳሎንዎ ልስን እስኪደርቅ በእኔ አዳራሽ እንዲፈተኑ ወደዱ። የትኛው እንደሚሻልም አስተያየቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ በአስተርጓሚዎ በተክሌ አፍ አዘዙኝ። እነሆ ታዝዣለሁ። ይህን የመሰለ ነገር ለእርስዎ ብቻ ማቅረቡ ንፉግነት መስሎ ስለ ታየኝ፣ አንዱን ቅጂ በመስጊዱ ግድግዳ፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለጥፌዋለሁ፤ የቀረውን ነጂዎች ወደ ካራቆሬና ወደ ማጀቴ ይዘውልኝ ሄደዋል።

አንደኛ፤ ስለ ሳጥኖቹ አቀባበል። ትንሹ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ፊቱ በወንፊት ቆርቆሮ የተሸፈነ ነው። ትልቁ ትከሻዬ ድረስ የሚቆም፣ እንጨቱ ተወልውሎ ፊት የሚያሳይ፣ ደረቱ ላይ ጨርቅ የተወጠረበት ነው። ሁለቱም ከመብራት ሞተርዎ በተሳበ ሽቦ የዘፈን ሸክላ ያጫውታሉ። ሽቦውንም ሞተሩንም በነጻ ሰጡን፤ በነጻ መስጠትዎ ነው እንግዲህ ያስፈራን። የከተማው ሰው ተሰብስቦ፣ ሳጥን መናገር ከቻለ መስማቱንስ ምን ይከለክለዋል ተባባለ። ስለዚህ ሸክላ በማይዞርበት ሰዓት ሁለቱንም በጋቢ እየሸፈንን፣ ጋቢው ሲገለጥ ደግሞ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ብቻ እየተጫወትን ከረምን። ጠንቃቆቹማ በሳጥኑ በኩል ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እርስዎን ያመሰግኑ ነበር። ምናልባት በዚያ ሰሞን፣ ሕዝቡ ወዶኛል ብለው ለበላይዎ ጽፈው እንደ ሆነ፣ የተመሰገኑት ሳጥኑ ተፈርቶ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዘፈኑ። የላኳቸውን የአገርዎን ሸክላዎች ሁሉ በሁለቱም ሰምተናል። በትንሹ ሳጥን ሰው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ወንዱን ከሴት፣ ክራሩን ከመለከት ለመለየት መገመት ያስፈልጋል። ትልቁ ግን ሌላ ነው። ከግድግዳው ስናስጠጋው እንደ ደራሽ ጎርፍ እያጉረመረመ የመደርደሪያውን ሲኒ ያንቀጠቅጣል፤ አንድ ክንድ ያህል ስናርቀውና ከሥሩ ሳንቃ ስናነጥፍለት ግን ጉርምርምታው ጠፍቶ ነገሩ ሁሉ ይጠራል። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ምራቁን ሲውጥ ይሰማል፤ ከኋላው ወንበር ሲንቋቋ፣ አንድ ሰው ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል። ደብሪቱ ወጥ እያማሰለች ሰምታ፣ ይህስ የቤት ገበና የሚያወጣ ሳጥን ነው አለች። እኔም ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሦስተኛው የአደራ ነገር ነው። አሊዪ ከአሊዩ አምባ እስከ አዋሽ ግመል ሲነዳ የኖረ ነጋዴ መሆኑን፣ እናንተ ስትመጡም ግመሎቹን ሸጦ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ መውረዱን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ፤ በራሱ ላይ ሽልማት ያስነገሩት እርስዎ ነዎትና። የማያውቁት፣ በወረደበት ዕለት ሚስቱን ሙሀባንና ልጃቸውን ከዲጃን ወደ ጓሮዬ አምጥቶ፣ እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን ሳንባባል፣ አደራህን ብሎኝ መሄዱን ነው። በእኛ አገር አደራ የበላ ሰው ሲሞት እንኳ የሚያለቅስለት የለም።

ባለፈው የገበያ ቀን ትንሹን ሳጥን ለአንድ ቀን ከአዳራሼ አስወጥተው በገበያው መካከል አቆሙና አንድ ሸክላ አሰሙን። ሳጥኑ አሊዪ ነኝ አለ። ደሴ ገብቼ እጄን ሰጥቻለሁ፣ መንግሥት ምሕረት አድርጎልኛል፣ ይህንንም የምናገረው ከደሴ ነው አለ። ሙሀባ ሆይ፣ ልጄንና የደበቅሁትን ሁለተኛውን ጠመንጃ ይዘሽ መንግሥት በሚሰጥሽ ካሚዮን ነይልኝ አለ። ሙሀባ የያዘችውን ማሽላ መሬት አስቀምጣ እዚያው አለቀሰች፤ ማታውኑም ጓዟን ቋጠረች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔም ጠረጠርሁ። አምና በምሕረት አዋጅዎ የገቡት ሁለት ወንድማማቾች ምሕረቱን ሲበሉት አላየንም፤ የተሰቀሉበትን ግንድ ግን ገበያ በወጣን ቁጥር እናየዋለን። ደግሞም አሊዪ ሚስቱን በሰው ፊት በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ እንደ ወጉ የከዲጃ እናት ነው የሚላት። ይህን ብነግራት፣ የተጨነቀ ሰው ወግ ይረሳል ብላ መለሰችልኝ፤ እውነቷን ነው። እሷና ልጅቱ አንዴ በእጃችሁ ከገቡ፣ አሊዪ ያሉበትን በሰማ ዕለት በገዛ እግሩ መጥቶ አንገቱን ለገመዳችሁ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ አንዲትን ሚስት ባልሽ ጋ አትሂጂ ብዬ በር ልዘጋባት አልቻልሁም። ድምፁ የእሱ ከሆነስ? ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ስለዚህም ያመሰገንሁዎት ሁሉ ከአንጀቴ እንዳልነበረ ይወቁልኝ።

አራተኛው ነጥብ ግን እውነተኛ ምስጋና ነው። ካሚዮኑ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያንን ሸክላ በትልቁ ሳጥን ደግመን እንስማው ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ማንም አልለመንዎትም። አሊዪ አጠገባችሁ የቆመ ያህል ትሰሙታላችሁ ብለው፣ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹን በአዳራሼ ሰበሰቡ፤ ሙሀባም ከደብሪቱ ጋር በጓዳው በር ተቀመጠች። እኔም ሳጥኑ ያስተማረኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅሁ፣ ሳንቃውን አነጠፍሁ፣ ጋቢውን ገለጥሁ።

ድምፁ መጣ። ጥርት ያለ ነው፤ ከንፈሩ ሲላቀቅ እንኳ ይሰማል። ከድምፁ ኋላ ግን፣ ራቅ ብሎ፣ በትንሹ ሳጥን እሽሽታ ብቻ በነበረበት ስፍራ፣ ሌላ ሰው አለ። አዛን ነው፤ የቀትር አዛን። ሽማግሌዎቹ ያለ ሰዓቱ አዛን ስለ ሰሙ መጀመሪያ ወደ ደጅ አዩ፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ ወደ ሸህ አብዱልመጂድ ዞሩ። ሸህ አብዱልመጂድ የመስጊዳችን ሙአዚን፣ አዛን አውጪ ናቸው፤ «ሐይየ ዐለ ሰላህ»፣ ወደ ሶላት ኑ፣ ከማለታቸው በፊት ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ። ያንን ሳል ልጅ አዋቂው፣ እስላም ክርስቲያኑ ያውቀዋል፤ እኔ ራሴ የምሳውን ወጥ የማስወጣው በዚያ ሳል ነው። ሳጥኑም ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ።

ያላወቁት ሸሁ ብቻ ናቸው። የገዛ ድምፁን ከውጭ ሆኖ የሰማ ሰው የለምና፣ ይህ ደካማ ሽማግሌ ማን ነው ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው የነበሩት በጆሯቸው ነገሯቸው። ቀና ብለውም ጓዳው ድረስ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«እንግዲያው እኔ ከሆንሁ፣ እኔ ደሴን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።»

እርስዎም ሽማግሌው ምን አሉ ብለው ተክሌን ጠየቁት፤ ተክሌም የሳጥኑን ጥራት እያደነቁ ነው ብሎ ተረጎመልዎ፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ለሸሁ እጅ ነሡ። ተክሌ ይህን ያለው እርስዎን ፈርቶ ይሁን ለእኛ አዝኖ እስካሁን አልለየሁም። ሙሀባ ግን ከጓዳው በር ተነሣች፤ አላለቀሰችም። ለደብሪቱ «ጓዜን ፍቺልኝ» አለቻትና እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች።

ክቡር ሆይ፣ እንደምጠረጥረው ከሆነ፣ ድምፅ የሚቀርጸው መኪና ከአዲስ አበባ መጥቶ በጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ በቆመበት ቀን፣ ሽቦው በመስኮትዎ ገብቶ፣ አንድ ደመወዝተኛ አሊዪን ሆኖ ሲናገር፣ አጥር ተጋሪዎ የሆነው መስጊድ የቀትሩን ሶላት ይጠራ ነበር። ደመወዝተኛውንም እጠረጥራለሁ፤ ካራቆሬ ውስጥ በየሰርጉ የሰው አነጋገር እያስመሰለ የሚያስቅ አንድ ሰው ሰሞኑን አዲስ ጫማ አድርጓል። እርስዎ ለእስላሙ ወዳጅ ነኝ ብለው መስጊዱን በኖራ አስለስነው፣ ከፊቱ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። የዚያን መስጊድ አዛን ግን በቀን አምስት ጊዜ በመስኮትዎ ሥር እየሰሙ ኖረው አንድ ቀን አልሰሙትም። ለጆሮዎ እንደ አህያ ጩኸትና እንደ ገበያ ሁካታ የአገር ጫጫታ ነበር። እኛ ሳጥኑ ይሰማናል ብለን ስንፈራ፣ እርስዎ ራስዎ አለመስማትዎን ማን ያውቅ ነበር?

አምስተኛና መጨረሻው፣ ያዘዙኝ ፍርድ ነው። ለቤት ማድመጫ ከሆነ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተደግፎ ዘፈን ሊሰማበት ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ትልቁን ያስቀሩ፤ ከግድግዳ ያርቁት፣ ሳንቃውን አይርሱ። ለመንግሥት ሥራ ግን ትንሹን እመክራለሁ። ትልቁ የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ሲናገሩ የነበሩበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ የእርስዎን የመሰለ ሥራ ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ከቤቱ ቢያርቅ ይሻለዋል። የትንሹ ጉንፋን ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል።

ካሚዮኑ በማግሥቱ ሰዓቱን አክብሮ መጥቶ፣ ባዶውን ቆሞ፣ ባዶውን መሄዱን ሰምቻለሁ፤ ለነጂው ድካም አዝናለሁ። እኛ ሁላችንም ዘመድ ጥየቃ ወጥተናል። የምግብ ቤቴ ቁልፍ በሩ ላይ ነው፤ መስበር እንዳያደክማችሁ ብዬ ተውሁት። ሁለቱም ሳጥኖች እንዳሉ ናቸው፤ ጋቢዬን ግን ወስጃለሁ። ሸህ አብዱልመጂድም ከእኛ ጋር ናቸው፤ አሁን አዛን የሚያወጣው ወጣት ጉሮሮው ጤነኛ ስለ ሆነ ሸክላ መቅረጽ ሳይመችዎ አይቀርም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት አዲስ አስተርጓሚ መፈለግ እንደሚኖርብዎም አውቃለሁ፤ ተክሌ አጠገቤ ተቀምጦ ቀለሙን እያቀበለኝ ነውና፣ ስለ ችግርዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከብዙ አክብሮትና ከበለጠ ጥርጣሬ ጋር፣ የሳጥንዎ ታማኝ ምስክር፣ የልስንዎ አድናቂ፣ በግንድዎ ግን ያልተሰቀለው፣

ሰይፉ አንበርብር
ከሮቢት በታች፣ ኅዳር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በስሙ የተናገሩትን ቃል ለአሊዪ ለራሱ አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ። ከዲጃን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። የእኔ ድምፅ ከዚያ ይወፍራል፣ ሬዚደንቴው ያለ ሳጥን አጠገቡ ቆሜ ሰምቶኝ ቢያመዛዝን ደስ ይለኛል አለ። መቼ እንደሚመጣ ብጠይቀው ግን ቀኑን አልነገረኝም፤ እኔንም ይጠረጥራል መሰለኝ።