ከበርሜሎቹ ጀርባ የተሰቀለው ሰደርያ

ኤስተርዳለን፣ ሴፕቴምበር 12

ለሆዴ ልጅ ለኢንጉን፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሱቁ ጎን ካለችው ዋፍል ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። ለአባትሽ እርሾ አልቋል ብዬ ወጣሁ። እርሾው ቤት ሞልቷል፤ ስመለስ ሌላ እርሾ ይዤ እገባለሁ፣ እሱም አያስተውልም። ለምን አያስተውልም የሚለው ነው ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝ።

እማዬ ለምን አትደውልልኝም ትያለሽ። እንዴት አድርጌ ልደውል? ስልኩን ገና ሳነሳ አጠገቤ መጥቶ ይቆማል። «ኢንጉን ናት? የአያቷ ጥድ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሬልሻለሁ በያት! የሷንም አረር ሠርቼ ጨርሻለሁ በያት!» ይላል፤ እኔም እንደ በቀቀን እደግማለሁ። አንቺ በዚያኛው ጫፍ ትስቂያለሽ። እኔ ስልኩን እዘጋለሁ።

እንዴት ነሽ ግን? ያ የምትሠሪበት መርከብ አሁንም እንደ ወንፊት ያንቀረቅባችኋል? የላክሽው የደረቀ ዓሣ ደርሶናል፤ አባትሽ ጨው በዛበት እያለ ለብቻው ጨረሰው። ዘንድሮ የጫካው ቀይ እንጆሪ ጉድ ነው፣ ማሰሮ አልበቃኝም። ውሻችን ታሳ አርጅታለች፤ አሁንም ግን ጠመንጃ ከሣጥን ሲወጣ እንደ ቡችላ ትዘላለች። ትዘል ነበር ልበል መሰለኝ። ከበጋ ወዲህ አባትሽ ጠመንጃውን ሲያነሳ ምድጃው ሥር ትገባለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፣ ዋፍሌም ቀዘቀዘ።

ባለፈው ዓመት አደን አባትሽ ያቆሰላትን ሴት አጋዘን ታስታውሻለሽ። የእርሳሱ ጥይት ትከሻ አጥንቷ ላይ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ፣ እሷም ወደ ጫካ ገባች፣ በውሻ ተፈልጋ ተፈልጋ ያገኟት ቁራዎቹ ናቸው። አንቺ ያልሰማሽው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በአደኑ ማብቂያ ግብዣ ላይ አርንስታይን፣ የቡድኑ መሪ ስለሆነ የፈለገውን የሚናገር ይመስለዋል፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ሃልቫርድ፣ ጥይት ነው የተኮስክባት ወይስ ሰላምታ ነው የላክህላት?» አለው። ሰው ሳቀ። አባትሽም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በማግስቱ የመዳብ ዘንግ አዘዘ። የአያትሽን የብረት መቅረጫ ቶርኖ ዘይት ቀብቶ አስነሳውና የራሱን አረር መቅረጽ ጀመረ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከጡረታ ወዲህ እግሬ ሥር እየተርመሰመሰ «ድንቹን በስሱ ላጪው» የሚለኝ ሰውዬ ጎተራው ገብቶ ሲያፏጭ መስማት ትንሽ ነገር ነው? እጁ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጣቱን አረሩ ላይ አንዴ ያሳልፍና «ይሄኛው ፀጉር ታህል ይወፍራል» ይላል፤ ሲለካ እውነቱን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አሮጌ ጋዜጣ ያመጣለት ነበር። ጋዜጣውን ውኃ ያጠጣና በዓሣ ሣጥን ደርድሮ ይተኩስበታል፣ ከዚያ ቅጠል በቅጠል እየገለጠ አረሩን ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ እንዴት ያምሩ ነበር! አራት ቅጠል አውጥተው እንደ አበባ ተከፍተው ይገኛሉ። የወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ደረደራቸው። ቄሱ እንኳ መጥተው አይተው አደነቁ።

እሱ ግን አልረካም። «ቅጠሉ አጥንት ላይ ይሰበራል» አለ። አጠነከረው። «አሁንም ቶሎ ይቆማል» አለ። ደግሞ አጠነከረው። ጋዜጣው አልበቃው ሲል ውኃ የሞሉ በርሜሎች ከታችኛው ሜዳ ላይ በተርታ አቆመ። አሁን ደፉ ላይ በመጨረሻ ያስቀመጣቸውን ብታያቸው፣ ከቶርኖው የወጡ እንጂ የተተኮሱ አይመስሉም። አንዱም አልተከፈተም። እንደገቡ ነው የሚወጡት።

«ሃልቫርድ፣ ይሄ እኮ አጋዘኑን አልፎ ይሄዳል» አልኩት።

«ይሂድ!» አለኝ። «የሚሰደብ ሰው አይኖርም።»

«ከኋላው የሆነ ነገር ቢኖርስ?»

«ከኋላው ረግረግ ነው አንቺ ሴትዮ። ረግረግ ይሞታል እንዴ?»

ልጄ፣ አባትሽ አያይም። ይኸው ጻፍኩት። ጭራሽ አያይም ማለቴ አይደለም። ጠርዝ ጠርዙን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ነው የጠፋበት። ሲያናግረኝ ጆሮዬን ነው የሚያየው። ቡናውን ከኩባያው ጎን ይቀዳና «ማነው ኩባያውን ያንቀሳቀሰው?» ብሎ ይቆጣል። መኪናውን እኔ ነኝ የምነዳው፤ ወገቤን አሞኝ ነው ይላል። መለኪያውን እኔ ነኝ የማነብለት፤ አብረን እንድንሠራ ነው ይላል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ። ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ነው፤ አንድ ወረቀት ወደ ፖሊስ ይልካል፣ ፖሊስም መጥቶ ጠመንጃዎቹን ይወስዳል፣ ሰፈሩም መጋረጃ ገልጦ ያያል።

የዓመቱን የተኩስ ፈተናስ እንዴት አለፈ ትይኛለሽ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ተኮሰ። አርንስታይን ሊያይ ወደ ሰሌዳው ሄደና ቆየ። በጣም ቆየ። ሲመለስ «አልፈሃል ሃልቫርድ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ አርንስታይንን መኪናው ጋ ያዝኩት።

«ስንቱ ገባ?»

«ቦርግሂልድ፣ እሱ የሌለበት አደን ምኑን አደን ሆነ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ የግብዣው ቀልዱ እስከ ዛሬ ይቆረቁረዋል መሰለኝ። «እንደ ወትሮው ነጩ ድንጋይ ላይ እናስቀምጠዋለን። ፊቱ ረግረግ ነው፣ ማዶ ጥዷ ናት፤ እዚያ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ማንን ይጎዳል?»

እኔም መኪናችንን አስነሥቼ ወደ ቤት ነዳሁ። እሺ፣ ባዶ ጥድ ነው ብዬ።

ከዚያ የቦታ ድልድሉ ስብሰባ መጣ። አንዱ ተነሥቶ፣ «ሃልቫርድ ዘንድሮ ሰባ አምስት ይሞላዋል፤ ኢንጉን ከሰሜን ትምጣና የአያቷን ቦታ ትያዝ፣ አባትና ልጅ ረግረጉን ፊት ለፊት ይጠብቁ» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ስጦታ ነው እኮ፣ ኢንጉን፤ ከልባቸው ነው። የአያት ቦታ ለልጅ ልጅ ሲመለስ እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባትሽ አለቀሰ። እኔን ሲያገባ እንኳ ያላለቀሰ ሰው! አርንስታይንን አየሁት። ፊቱ አመድ ሆኗል። አይሆንም ቢል የተኩስ ሰሌዳውን ውሸት ሊያወጣ ነው። አንገቱን ደፍቶ ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበ።

አንቺም በስልክ ስትሰሚ የጮኽሽው የደስታ ጩኸት ወጥ ቤቱን ሞላው። በማግስቱ ዕረፍትሽን አስፈቅደሽ ቲኬት ቆረጥሽ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ከአደኑ ማስቀሪያ መላ እፈልጋለሁ።

ሞከርኩ። «ዘንድሮ እኔ ጋ የአደን ጎጆው ውስጥ ሁን፣ ሾርባውን አብረን እንሥራ» አልኩት። «ከአደን ያስወጣሽኝ ቀን ከቤትም አስወጪኝ» አለኝ። «ታዲያ አጋዘኑን በምን ትለየዋለህ?» አልኩት፣ እንዲህ በግልጽ ጠይቄው አላውቅም። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀንድ ማየት የጀማሪ ነው። እኔ አሁን በእንቅስቃሴ ነው የማውቀው። ከማዶ የሆነ ነገር ንቅንቅ ካለ አያመልጠኝም» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ።

ማዶ የምትነቃነቂው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ይህ ሆነ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እሱ ጎተራው በር ላይ ጠመንጃውን አስደግፎ ተቀምጧል፣ በርሜሎቹ ከታች ናቸው። እኔ ያን አምና ትተሽው የሄድሽውን የአደን ሰደርያ አጥቤ ከበርሜሎቹ ጀርባ፣ ድርቆሽ ማድረቂያው ሽቦ ላይ ሰቅዬው ነበር። ብርቱካንማነቱ ከመንገድ ማዶ ይጣራል። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ድሮ ከኋላ ዶሮ እንኳ ብትታይ «ቦርግሂልድ! ያቺን ጉድ አንሽልኝ!» ብሎ ሰፈሩን ያደነቁር ነበር። እኔም መስኮቱ ጋ ቆሜ ያን ጩኸት ጠበቅኩ። ይጮኽብኝ፣ ይሳደበኝ ብዬ ጸለይኩ። ተኩሱ ነው የመጣው።

እየሮጠ ሊባል በሚችል አካሄድ ገባ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። «ሁሉንም በርሜል በስቶ ሄደ! የመጨረሻውንም! የት እንደገባ እንኳ አላገኘሁትም!»

«ከበርሜሎቹ ጀርባ ምን ነበር?» አልኩት።

«ምን ይኖራል? ባዶ ሜዳ» አለኝና እጁን ታጠበ፣ ቁጭ ብሎ በላ።

እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ አይቀር፣ ሰደርያው ስሰቅለው ደርቆ ነበር።

ስለዚህ ስሚኝ። ቲኬቱን ለውጪና ከአደኑ መክፈቻ በፊት ድረሽ። አትምጪ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አንቺ ብትቀሪ ግን ቦታው ባዶ እንዲሆን አይተዉትም፣ የአርንስታይንን ምራት ያስቀምጧታል፣ እሷም የሰው ልጅ ናት። የኔን ቃል አባትሽ እንደ ዝንብ ነው የሚያባርረው። አንቺን ግን ይሰማል፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አንቺን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ስንት ጊዜ ቀንቼብሻለሁ። መክፈቻው ደርሶ ካልመጣሽ እኔው ለሐኪሙ እደውላለሁ። ከዚያ ወዲያ ከኔ ጋር በአንድ ገበታ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። ይሁን። ብቻዬን ብበላ ይሻለኛል።

ሰደርያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ስትመጪ ይዘሽው ነይ። አትጨቃጨቂው፣ አታልቅሺበት፣ ስለ ዓይኑም አንድ ቃል እንዳትናገሪ። ጉልበቱ ላይ አስቀምጪለትና እጁን ይዘሽ በግራ በኩል፣ ከኪሱ በላይ አሳርፊው። ዓይኑ ይዋሸው ይሆናል፤ ጣቱ ግን የገዛ ሥራውን አይስተውም።

ያ ማዕበል ይርጋልሽ፣ መንገዱ ይቅናልሽ፣ በሰላም እቅፌ ውስጥ ያስገባሽ። ከክፉ ነገር ሁሉ፣ ከሚወድሽም ሰው እጅ ጭምር፣ እግዚአብሔር ይጋርድሽ።

እናትሽ
ቦርግሂልድ

ይድረስሽ ብዬ ካሸግኩት በኋላ እንደገና ከፈትኩት። ሰደርያውን ስታዪ ግራ እንዳይገባሽ ነው። በዕድሜዬ የተቀደደ ነገር ሳልሰፋ ከቤት አስወጥቼ አላውቅም። ይሄን አልሰፋሁትም። ከፊት ገብቶ ከኋላ ወጥቷል፤ ቀዳዳዎቹም ሁለቱም እኩል ናቸው።