የመጀመሪያው ዋጋ

ጅቡቲ፣ ጋቦዴ
ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጆቼ አባት ለዋለልኝ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። የማገለግላት ማዳም ኻሊዳ «ልጆቹን ታስፈሪያለሽ» ብላ ጥቁር ልብሴን አስወልቃኛለች። ለልጃችን ለደስታው የማዝነው በአበባ ቀሚስ ነው።

ባለፈው ዓርብ ልጆቿን እንድይዝላት ሙዚየም ይዛኝ ሄደች። የጥንት ገንዘብና የንግድ ዕቃ የሚታይበት ቤት ነው። አሞሌ ጨው አለ፣ ጠገራ ብር አለ። ጥግ ላይ ሁለት የእንጨት ሰዎች እጃቸውን በሽርጥ ሸፍነው ተጨባብጠዋል። አንተን አየሁ፤ ባቲ ገበያ፣ በጋቢህ ሥር የሰው ጣት ይዘህ ግመል ስትገዛ።

አስጎብኚው ጨርቅ አምጥቶ ልጆቹን ያጫውታቸው ጀመር። «ብዙ ጣት የጨበጠ ብዙ ከፈለ ማለት ነው» አላቸው። ትንሿ ሙንተሃ «ወርቄም ትግዛ!» አለች። ሰውየው እጁን በጨርቁ ሥር ሰጠኝ። አምስቱንም ጣቱን ጨበጥኩ።

«ኧረ ሐበሻዋ! በሁለት ጣት ልሰጥሽ ነበር እኮ» ብሎ ሳቀ። «ዝቅ ብለሽ ጀምሪ። እምቢ ካለ ጥለሽው ሂጂ፤ ራሱ ይጠራሻል።»

«ተዋት፣ ንግድ አታውቅም» አለች ማዳም። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አንተ ግን ታውቃለህ። ደስታውን የመን ላይ የያዙት ሰዎች ሲደውሉልህ፣ ልጁ በስልኩ እየጮኸ፣ ለማስለቀቂያ ከጠየቁት ግማሹን አልካቸው። «ራሳቸው መልሰው ይደውላሉ» ብለህ ዘጋህባቸው። ስትነግረኝ ኮርተህ ነበር። መልሰውም ደወሉ፤ ሬሳውን የት እንደጣሉት ሊነግሩህ።

አሁን ደግሞ ትርሲትን ደስታውን በወሰደው በዚያው ደላላ ልትልካት ነው። «ወንድሟ ስለሞተብን ዋጋ ቀነሰልን» ብለህ ጽፈህልኛል።

ልጄን ለእኔ ሽጥልኝ። ማዳም የሦስት ዓመት ደሞዜን አስቀድማ ልትሰጠኝ ተስማምታለች፤ እስከዚያ ከቤቷ ላልወጣ ፈርሜላታለሁ። ካነሰህ አምስት ዓመት አደርገዋለሁ። ትርሲት ደሴ፣ እህቴ ዓለምነሽ ዘንድ ትግባና ትማር። ስንት እንደምትል ጻፍልኝ። አልከራከርህም፤ የመጀመሪያውን ቃልህን እከፍላለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው። ከደስታው ዕድሜ የተረፈውንም ይጨምርልህ።

የደስታው እናት፣
ወርቅነሽ