ሐዲድ የተነጠፈበት የወይዘሮ ጉንሂልድ ጉድጓድ

ለክቡር ሚስተር ኤሊሁ ቶርንዳይክ
የታላቁ ሜዳ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት
ቺካጎ

ክቡር ሆይ፣

ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው የግዛታችን የዳኮታ ካርታ የተሟላ ጤንነት እየተመኘሁ፣ እኔ የሎን ኤልም መንደር ፖስታ ቤት ኃላፊ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ኩባንያዎ ተቀናቃኙን የሰሜን ባቡር ኩባንያ ለመቅደም ሲሽቀዳደም፣ መሐንዲስዎ ሐዲዱ በደቡብ በኩል ያልፋል ስላሉን፣ አሥራ አራት ቤቶቻችንን በግንድ ላይ አንከባልለን፣ በበሬ ጎትተን አንድ ማይል ተኩል ሄድን። ወይዘሮ ኮብ ቤታቸው እየተጓዘ ዳቦ ጋግረዋል። በሰኔ ደግሞ መሐንዲስዎ ሐሳባቸውን ስለቀየሩ ወደነበርንበት ተመለስን። ስለ አየር ለውጡ እናመሰግናለን።

፪. ቤት ይንከባለላል፤ ጉድጓድ ግን አይንከባለልም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጉንሂልድ ትቬይት ከሟች ባለቤታቸው ጋር ሁለት ዓመት ለፍተው የቆፈሩት ጉድጓድ በሠላሳ ማይል ዙሪያ ጨው የሌለበት ብቸኛ ውሃ ነበር። መንደሩ በሙሉ ከነከብቱ ከዚያ ይጠጣ ነበር። የተቀናቃኝዎ ሠራተኞችም ይጠጡ ነበር። የተጠማን ሰው የየትኛው ኩባንያ ነህ ብለን አለመጠየቃችን ጥፋታችን ነው፤ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉን።

፫. ባለፈው ማክሰኞ የሠራተኞችዎ አለቃ ሚስተር ዱጋን ስልሳ ባለ አካፋ አስከትለው መጡ።

«እማማ፣ ዞር ይበሉ። እነዚያ የሰሜን ኩባንያ ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ይጠማሉ» አሉ።

ወይዘሮ ጉንሂልድም «አንተስ ልጄ፣ ምን ልትጠጣ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኛማ ባቡር አለን!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እስከ ምሳ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐዲድ ተነጠፈበት። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በዚህ አገር አይተን አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጨዋማውን የወንዝ ውሃ እየጠጣን ነው። አምስት ጥጆች ሞተዋል። ሦስት ቤተሰቦች ቤታቸውን እንደገና ግንድ ላይ ጭነዋል፤ በዚህ ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ የነገራቸው መሐንዲስ የለም። ሐዲድዎን ሃያ ጫማ ፈቀቅ አድርገው ጉድጓዱን ካላስከፈቱልን፣ እስከ መስከረም ባቡርዎ የሚቆምለት መንደር አይኖርም።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት አድራሻ የጻፍኩልዎ፣ ከእግርዎ ስር ለመነሳት ፈቃድዎን የምጠብቅ፣
ኦሪን ፔል

ማስታወሻ፦ ተቀናቃኝዎን ስለቀደሙ እንኳን ደስ ያለዎት። ይህ ደብዳቤ ከዘገየ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የሚወስደው የእርስዎ የእንፋሎት ባቡር የወንዙን ጨዋማ ውሃ ጠጥቶ ማፍያው አረፋ ስለደፈቀ ከትናንት ጀምሮ ደጃችን ላይ ቆሟል። ነጂው ባርኔጣውን አውልቆ ንጹሕ ውሃ ወዴት እንደሚገኝ ወይዘሮ ጉንሂልድን ጠየቃቸው።

«እላዩ ላይ ቆመሃል፣ ልጄ» አሉት።