የሐዘን ቤት መኮሮኒ

ለውድ እህቴ ለአርዲስ፣

ከሚኒሶታ በረዶ እስከ አሪዞና ፀሐይሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

እዚህ አሁንም ሰው ሲሞት መኮሮኒ በተፈጨ ሥጋ ጋግረን ለቅሶ ቤት እናደርሳለን። ባለፈው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የጋገርኩትን ባለቤቴ ኦርቪል አንስቶ ለጎረቤታችን ለሎይስ ወሰደና ስለ ባሏ አጽናናት። ባሏ ከሞተ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው! “ምን ላድርግ፣ አብሬው አለቀስኩ” አለችኝ፣ ከሥሩ ስሜ የተለጠፈበትን ሳህን አጥባ ስትመልስ።

ዛሬ ደግሞ ትኩሱን መኮሮኒ ይዞ በጓሮ ወጣና የራሳችንን በር አንኳኳ። ስከፍትለት ኮፍያውን አወለቀ።

“እግዜር ያጽናዎት፣ እመቤት። ባለቤትዎ ደግ ሰው ነበሩ።”

“እግዜር ይስጥልኝ። ይግቡ፣ አብረን እንብላ” አልኩት።

ሁለቴ አስጨመረ። የምግብ ፍላጎቱ ደህና ነው፣ አታስቢ።

ለፋሲካ ያልሽውን ጉዞ ግን ብታስቀድሚው ደስ ይለኛል። ስትመጪ፣ አደራ፣ መኮሮኒ ሳትይዢ ባዶ እጅሽን ነይ።

ናፋቂ እህትሽ፣ ቨርና