የጋሽ ቀናና የአራት ቴሌስኮፖቻቸው የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አጎታችን ከባቡር ሐዲድ ጠባቂ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1939 ዓ.ም. ከጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። እናታቸው እንደሚናገሩት፣ ሌላው ሕፃን ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ሲወለድ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው ነው የወጡት። አዋላጅ ስለ ራሷ ምጥ ስትናገር ማን ይከራከራታል? ካደጉም በኋላ ሰማይ ሰማይ እያዩ ሲሄዱ ቦይ ውስጥ የገቡበት ጊዜ ስለበዛ፣ የሰፈሩ ሰው የወጣላቸውን ስም ትቶ «ጋሽ ቀና» አላቸው። እኛም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን፤ ሌላው ስማቸው ከመታወቂያቸው ላይ በስተቀር ብዙም አልሠራም።

ጋሽ ቀና ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በጣቢያው ትምህርት ቤት ከተከታተሉ በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት የማሽን ጥገና ተምረው፣ በ1958 ዓ.ም. በልብስ ስፌት ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነው ተቀጠሩ። ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ፋብሪካ አልተለዩም።

የመጀመሪያዋን ቴሌስኮፕ የሠሩት እዚያው ነው። ጨርቅ የሚጠቀለልበት ወፍራም የካርቶን ቱቦ በየቀኑ ይጣል ነበር። አንዱን አነሡና በአንደኛው ጫፍ የአባታቸውን አሮጌ መነጽር መስታወት፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ የጨርቅ ክር የሚቆጠርበትን ትንሽ ማጉያ አሰሩበት። የጨረቃን ጉድጓዶች መጀመሪያ ያዩት በዚህች ነው። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ረስተዋት ዝናብ አገኛትና ውኃ እንደ ነካው ዳቦ ተልፈሰፈሰች። ከዚያ በኋላ የተሻሉ ቴሌስኮፖች ቢኖሯቸውም ስለዚህችኛዋ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

በ1964 ዓ.ም. እኛ የወንድም ልጆች እትዬ የምንላቸውን ልብስ ሰፊ አገቡ። የተዋወቁት የእትዬን የስፌት መኪና ሊጠግኑ ሄደው ነው። ያንን መኪና በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ጠግነውታል። እትዬ «እሱ ከመምጣቱ በፊት ደህና ይሰፋ ነበር» ይላሉ፤ ጋሽ ቀና ይህን ክስ አንድም ቀን አስተባብለው አያውቁም።

በተጋቡ በሦስተኛው ወር፣ ሌላ አገር ከሚሄድ ጎረቤት የገዟትን ሁለተኛዋን፣ ባለ ሦስት እግሯን ቴሌስኮፕ በረንዳ ላይ አቁመው ሙሽራቸውን ጠሩ። እትዬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና «የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው» አሉ። ጋሽ ቀና ያን ጊዜ ገና ወጣት፣ ትዕግሥታቸውም አጭር ነበር። «የሚንቀጠቀጠው አንቺ ስለነካሽው ነው። አላየሽም፤ ተሳስተሻል» አሏቸው። እትዬም «አላየሁም? እንግዲያው አንተው እይልኝ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ በቴሌስኮፕ አላዩም። ቢለመኑም ቢቀለድባቸውም እንቢ አሉ። ጋሽ ቀና በሕይወታቸው ብዙ ነገር ተሳክቶላቸው፣ ያችን አንዲት ቃል ግን መመለስ አቅቷቸው ኖሩ። ይህ እንደሚቆጫቸው ለቅርብ ወዳጆቻቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር።

ሁለተኛዋ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ሴት ልጃቸው ስትወለድ በሕፃን አልጋ ተለወጠች። ሦስተኛዋን አንድ የሥራ ባልደረባቸው «ለእሑድ ብቻ» ብሎ ተውሷት ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ጋሽ ቀና ሰው አያሙም፤ ነገር ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ያዩ ነበር።

አራተኛዋን በ1979 ዓ.ም. ገዝተው ሳይሆን ሠርተው አገኟት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የዘይት በርሜል አቁመው፣ በላዩ ወፍራም ክብ መስታወት አስቀምጠው፣ በሌላ መስታወትና በሸካራ ዱቄት እየፈተጉ በርሜሉን ሲዞሩ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ልብሱ ጓሮ ታጠበ፣ ሦስቱም ልጆች በዱቄቱ አስነጠሱ፣ ቱቦዋ ስታልቅ ደግሞ በደረጃው አላልፍ ብላ የጣሪያው በር መፍረስ ነበረበት። እትዬ ያን ጊዜ ነው «ጣውንቴ» ብለው የሰየሟት። ጋሽ ቀና ከጣሪያ ሲወርዱ «ጣውንቴ ዛሬ ደህና ዋለች?» ብለው ይጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም ጤንነቷን ይናገራሉ። ቤቱ በዚህ ይስቅ ነበር፤ የሳቁ ግማሽ ግን ቅሬታ እንደ ነበረበት ሁለቱም ያውቁታል።

ጋሽ ቀናን ስናነሣ የቅዳሜ ወዳጆቻቸውን መዝለል አይቻልም። ከሰዓት በኋላ በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ አራት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር፤ እሳቸው፣ ባለ ሱቁ፣ አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ የታክሲ ሾፌር። ወሬያቸው ስለ ሰማይ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው ድሮ ስለ ነበሯቸው ቴሌስኮፖች ነው። የሞተች ላም ወተቷ ይበዛል እንደሚባለው፣ በእጅ ያለችውን ማንም አያወድስም። መምህሩ ለወንድማቸው ስለ ሰጧት ቀይ ቱቦ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከሦስተኛ ፎቅ ስለ ወደቀችባቸው ሲያወሩ፣ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ ሳሙናው እስኪደርቅ ይጠብቃል። አንድ ደንበኛ የሞቱባቸው እህቶቻቸው መስለውት «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ወጥቷል።

እነዚህ ሰዎች አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው። አንዱ ሲያይ ሌላው አፉን ይዘጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይናገራል። ያላየ «አላየሁም» ይላል፤ ይህ አያሳፍርም። ከጋሽ ቀና በላይ ይህን ሕግ ያጠበቀ አልነበረም። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ጭራ ያለው ኮከብ አገኘሁ ብለው ሁሉንም ጠርተው፣ ሁለቱ ለወዳጅነት ሲሉ «አዎ፣ ጭጋግ ነገር አለ» ሲሉ፣ ጋሽ ቀና ደጋግመው አይተው «እኔ ያየሁት ጥቁር ሰማይ ነው» አሉ። ሾፌሩ አንድ ክረምት አኮረፏቸው። ዛሬ ግን ከሬሳ ሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ቀና በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ የዓይናቸው ግፊት ከፍ ማለቱ ታወቀ። ግላኮማ ነበር። ሕክምናው ዘገየ፤ እይታቸው ከዳር ዳር እየጠበበ ሄዶ በ2006 ዓ.ም. ጨርሶ ጠፋ። ያኔ ያለቀሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከፊታችን አልነበረም፣ ግን ሰማን። ከዚያም አራተኛዋን ለወዳጆቻቸው ለመስጠት ወሰኑ። ማየት ለማይችል ሰው ጣሪያ ላይ ተሸፍና መቀመጧ ግፍ ነው አሉ።

ወዳጆቻቸው ሊወስዷት በታክሲ መጡ። እትዬ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው በአንገታቸው እንደ ተንጠለጠለ ከበሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«እትዬ፣ እሳቸው እኮ ሰጡን» አሉ መምህሩ።

«ስንት ዓመት አብራኝ የኖረችን ጣውንት እኔ ሳልጠየቅ ማን ይድራታል? የትም አትሄድም። እሱ ካላየ እኔ አይለታለሁ።»

ታክሲው ባዶውን ተመለሰ።

በማግሥቱ ጀንበር እንደ ገባች ባልና ሚስት ተያይዘው ጣሪያ ወጡ። ጋሽ ቀና በእጃቸው እየዳሰሱ አቅጣጫውን አሳዩ፤ እትዬ ዓይናቸውን አስጠጉ። «ክብ ነው! ያበራል፣ እንደ ቀለበት ሰፋ ያለ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለው። እንዴት ያምራል!» አሉ። ጋሽ ቀና ወዲያው ገባቸው። ምስሉን የሚያጠራው ማስተካከያ ካልተስተካከለ ማንኛውም ኮከብ አብጦ ክብ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ቱቦው ውስጥ ያለችው የትንሿ መስታወት ጥላ ነው። እትዬ ያዩት ኮከብ ሳይሆን የቴሌስኮፒቱን ሆድ ነበር። ሕጉን የሚያውቁ ሰው «አላየሽም» ማለት ነበረባቸው።

አላሉም። «እስቲ ቀለሙን ንገሪኝ» አሉ። በዚያ ሳምንትም፣ በሚቀጥለውም እትዬ በየምሽቱ ያንኑ ክብ ነገር አሳምረው ሲነግሯቸው በፈገግታ ሰሙ። ለፀጉር አስተካካዩ «አርባ ዓመት የጠበቅኋት ሴት ናት። አሁን ተሳስተሻል ብላት ተመልሳ ትገባለች። እኔ ደግሞ ሌላ አርባ ዓመት የለኝም» ማለታቸውን እኚሁ ወዳጃቸው ነግረውናል።

እንዲህ አንድ ወር ሆነ። አንድ ምሽት እትዬ ወገባቸውን ደክሟቸው እጃቸውን ማስተካከያው ላይ ጣል አደረጉ፤ ስፌት ላይ ክር ማጥበቂያውን እንደለመዱት ሳያስቡት ጠምዘዝ አደረጉት። ያ ያበጠ ክብ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጥርት አለና ሳተርን ቀለበቷን አድርጋ ብቅ አለች። እትዬ የጮኹትን ጩኸት ሰምተው ጎረቤቶች ሌባ የገባ መስሏቸው ዱላ ይዘው ወጥተዋል።

«አንተ ሰውዬ! እስከዛሬ ምን ነበር የማየው?»

«ምንም» አሉ ጋሽ ቀና፤ «ግን አነጋገርሽ ያምር ነበር።»

እትዬ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። ወደ ቤት ግን አልገቡም። ከዚያ ምሽት ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ሰማዩ ሲጠራ ያዩት እሳቸው፣ የሰሙት ጋሽ ቀና ናቸው። የቅዳሜው ስብሰባም አምስተኛ ወንበር ጨመረ።

ጋሽ ቀና ባደረባቸው የልብ ድካም በሆስፒታል ሲረዱ ሰነበቱ። እትዬ በየምሽቱ መጀመሪያ ጣሪያ ወጥተው አይተው፣ ከዚያ ሆስፒታል ሄደው ያዩትን ይነግሯቸው ነበር። በመጨረሻው ምሽት ጋሽ ቀና «ዛሬስ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቻቸው፣ ደስ እንዲላቸው አየሁ በያቸው ብለው ለእናታቸው በዓይን ጠቀሱ። እትዬ ግን «ዛሬ ደመና ነው። ምንም አላየሁም» አሉ። ጋሽ ቀና እጃቸውን ጨበጥ አድርገው «ጎበዝ» አሉና ተኙ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ጋሽ ቀና ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና ሦስቱን የቅዳሜ ወዳጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሲያስታምሟቸው ለነበሩ ሐኪሞችና ነርሶች ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ «ወደ ከዋክብቱ ሄዱ» ብሎ ጽፎ ነበር። እትዬ አሰረዙት። ማን ሲሄዱ አየ? አሉ። ስለዚህ እኛ ያየነውን ብቻ እንመሰክራለን። በእውነት ጉዳይ ከወዳጅ ጋር የሚኳረፉ ሰው፣ ሚስታቸው ዳግም እንዳትከፋ ብለው እውነቱን አንድ ወር ሲውጡ አየን። ይህን አይተናል። የቀረውን የሚያይ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እትዬን ያጽናልን።