«ሞቷል» ያልኩት አምፕሊ

ሰኞ

ለጅቡቲ ካርቲየ 2 ሰፈር ነዋሪዎችና ለወዳጅ አገሮች ሁሉ። ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ የቆየው የትልቁ አምፕሊዬ የድምፅ ማዞሪያ ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ ኮሽ ኮሽ ማለቱን ሙሉ በሙሉ ያቆመ መሆኑን በታላቅ ክብር እንገልጻለን። ሕዝቡ ሰንደቅ እንዲሰቅል አልተጠየቀም፤ በራሱ ተነሣሽነት ከሰቀለ ግን አንከለክልም።

መግለጫውን ቆሜ ለዘውዴ አነበብኩላት። ባለቤቴ ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል «ጉልበትህስ መቼ ነው የሚያቆመው?» አለችኝ።

ሥራው ይህን ይመስል ነበር። ክዳኑን ፈታሁ። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። ማዞሪያው ውስጥ ስፕሬይ ነፋሁበት፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ክንዴ እስኪዝል። የጅቡቲ አየር ጨው ነው፣ ብረት ይበላል። እዚህ አገር አሮጌ አምፕሊ ማኖር ሽማግሌ እንደማስታመም ነው፤ ዛሬ አንዱን ስታድነው ነገ ሌላው ያመዋል። ሦስቱም የኔ አምፕሊዎች፣ ትልቁም፣ ጥቁሩም፣ ትንሿም፣ በተራ ያማቸዋል።

ከምሳ በኋላ ብርቄ ደወለች። ነፍሱን ይማረውና የጓደኛዬ የተስፋዬ ባለቤት ናት፣ አርሂባ ሰፈር ብቻዋን ነው የምትኖረው። የተስፋዬ አምፕሊ ድምፁ ጠፍቷል። «መብራቱ ይበራል፣ መርፌዋም ትሄዳለች፣ አፉ ግን ተዘጋ» አለችኝ።

ያንን አምፕሊ አውቀዋለሁ። ፊቱ ብር የመሰለ፣ ጎኑ እውነተኛ እንጨት፣ ሲበራ መስታወቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚሞላ፣ ሬዲዮ ያለበት የጃፓን ሥራ ነው። ወደብ ላይ አንድ መርከበኛ ሲሸጠው ከተስፋዬ ጋር አብረን ነበርን። እኔ ዋጋ ላስቀንስ ስከራከር እሱ ከፍሎ ታቅፎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ ሰላም የምለው አምፕሊውን ነበር። ተስፋዬም «ብርቄን ሳማት፣ እሱን ግን አትንካብኝ» ይለኝ ነበር።

አርሂባ ደረስኩ። ገና ሳልቀመጥ ነገሩን አየሁት። ፊቱ ላይ የቴፕ ቁልፍ የምትባል ትንሽ መጫኛ አለች። እሷ ገብታ ከቀረች አምፕሊው ሬዲዮውን ይተውና ድምፅ ከካሴት ማጫወቻ ይጠብቃል። የተስፋዬ ካሴት ማጫወቻ ከተጣለ ቆይቷል። ስለዚህ አምፕሊው የማይመጣ እንግዳ እየጠበቀ ዝም ብሏል፣ ሌላ ምንም የለበትም። በጣት ጫፍ ብትነኳት ይዘፍናል። በዚህ በአምፕሊ በሽታ የተለከፈ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሷን ነው።

ጣቴ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰ።

«ሞቷል» አልኳት።

መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ይመስለኛል። ብርቄን ስፎግራት ነው የኖርኩት፤ አስደንግጬያት፣ ተሳድባ ስትጨርስ ቁልፏን ልነካ ነበር። እሷ ግን አልተሳደበችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አምፕሊውን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ «ምን ይደረጋል። ቤት ወስደህ እየው፤ ካልሆነም ለመለዋወጫ ይሁንህ። ካንተ ሌላ ማን ያውቅበታል» አለችኝ።

ቀልዱ ማብቃት የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ጠራሁ።

እንደ ሙሽራ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በሶማሊኛ «አባባ፣ ምንድን ነው የታቀፍከው?» አለኝ። «ሬሳ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ነዳ።

ማክሰኞ

ሰማሁት። ቀኑን ሙሉ ሰማሁት።

ቁልፏን ስነካት የዓረብኛው ዜና አንባቢ ክፍሉ መሃል ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ደረቱ ሁሉ ይሰማል። የጣቢያ ማዞሪያው ከባድ ነው፤ አንዴ ገፋ ካደረግሁት እንደ ባቡር በራሱ ይንሸራተታል። የኔ ትልቁ አምፕሊ አጠገቡ ተቀምጦ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሰው መሰለ። በትናንቱ መግለጫ አፈርኩ።

ዛሬ የሠራሁት፦ እንጨቱን በትንሽ ዘይት አሸሁ። ከኋላ የስፒከር ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበር፣ ፋቅሁት። ክዳኑን ከፍቼ የማጸዳውን ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ተስፋዬ ውስጡን እንደ ቤተ መቅደስ ጠብቆ ይዞታል። ቀናሁበት። በሞተ ሰው ይቀናል?

ዘውዴ ገባች።

«ሞቷል አላልክም እንዴ?»

«አስነሣሁት።»

«በል ለብርቄ ደውልላት፣ ደስ ይበላት።»

«ልቡ ደካማ ነው፣ ነገ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። በከንቱ ተስፋ ልሰጣት አልፈልግም።»

ይህን ስናገር ደካማ ልብ ያለው አምፕሊ ከኋላዬ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ በሶማሊኛ ይዘፍን ነበር። ዘውዴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አይታ ወጣች።

አመሻሽ ላይ ሊዲያ መጣች፤ ፋርማሲ የምትሠራው የልጄ ልጅ። ለብርቄ የደም ግፊት መድኃኒቷን አድርሳ መምጣቷ ነው። «አባባ፣ እማማ ብርቄ በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ምን ትሠሪያለሽ ስላት የእነ ሐዋን ቴሌቪዥን እየሰማሁ ነው አለችኝ። ቤቱ ዝም ብሎባታል።»

«ሙቀቱ ነው ያስወጣት» አልኩ።

ድምፁን ቀነስኩት።

ረቡዕ

ብልሃት መጣልኝ። ከማን እንደተላከ ባልመረምር ይሻላል። ትንሿን አምፕሊ ለብርቄ እሰጣታለሁ፤ እሷም ድምፅ ታገኛለች፣ እኔም አምፕሊውን ከነሕሊናዬ ይዤ እኖራለሁ።

ትንሿ መጥፎ አይደለችም። ትንሽ እም እም ትላለች፣ አፏን ዘግታ እንደምታዜም ሴት። ወሰድኩላት፣ ከተስፋዬ ስፒከሮች ጋር አገናኘኋት፣ ጣቢያ ያዝኩላት። ብርቄ ጎረቤቷን ጠራች።

«ሐዋ፣ ነይ እዪ። ያኛው ቢሞት ይቺን ከራሱ ቤት አውጥቶ አመጣልኝ። እንዲህ ያለ ወንድም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሐዋ አማርኛዋን ሰብሰብ አድርጋ «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ሽማግሌ» አለች።

ከዚያ ምርቃት ወረደ። እጅህ ይባረክ። ልጆችህ ያክብሩህ። ጆሮህን አያደንቁርብህ። በያንዳንዱ አሜን አልኩ። ሰው በሰረቀው ሲመረቅ ፊቱን ወዴት ያዞራል? እኔ ወደ ስፒከሩ አዞርኩ፣ ሽቦ የማስተካክል መስዬ።

ሻይ እየጠጣን ብርቄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወርቁ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ምኑን?»

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አቧራ ይዞት አየሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ተስፋዬ እያለ አያስነካኝም ነበር፤ ውሃ ጠላቱ ነው ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዝም ያለው። ትቶልኝ የሄደውን ነገር በገዛ እጄ።»

ጨርቁ ቁልፏን ተጭኗታል። ነገሩ ይኸው ነው። ውሃ የለም፣ ሞት የለም፣ ገዳይ የለም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሐዋ ግን አጠገባችን ነበረች፣ «ጥሩ ሽማግሌ» የሚለው ማዕረጌም ገና ትኩስ ነው።

«እርጅና ነው የገደለው» አልኳት።

«ታዲያ ስጠርገው ነው ያረጀው?»

ሻዬን ጨልጬ ተነሣሁ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ፣ በዚያ ፀሐይ። ራሴን መቅጣቴ ነበር። ለዘውዴ ብርቄ ጠርጌ ገደልኩት ብላ እንደምትጨነቅ ነገርኳት፤ የሌላ ሰው ወሬ ይመስል።

ሐሙስ

ጠዋት መብራት ጠፋ። አየር ማቀዝቀዣው ክሊም ዝም፣ ቬንቲላተሩ ዝም፣ የተስፋዬ አምፕሊም ዝም። ላቤን እየጠረግሁ ለብርቄ የምለውን ተለማመድኩ።

«ብርቄ፣ ቀልድ ነበር።» ቀልድ ከሆነ ማን ሳቀ?

«ብርቄ፣ ተአምር ሆነና ተነሣ።» ይሄ አምፕሊውን ይመልስላታል፤ እርጥቡን ጨርቅ ግን ከልቧ አያነሣላትም።

«ብርቄ፣ ሰረቅሁሽ።» ይሄ አጭር ነው። አፌ ግን አልዞር አለው።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ፣ አምፕሊውም ከነዘፈኑ መጣ። እኔ ፍራሼ ላይ ጋደም ብያለሁ። ዘውዴ መደርደሪያውን በጨርቅ እየወለወለች ደረሰችበት፤ ፊቱን ጠረግ ስታደርገው ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«ኧረ ወርቁ፣ ና፣ ምን አደረግሁት?»

ብድግ አልኩ፣ አላሰብኩም፣ ጣቴ ራሱ ሄዶ ቁልፏን ነካ። ዘፈኑ ተመለሰ።

ዘውዴ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ። ጨርቅ ሲጫናት እኮ...»

«ብርቄም ስትጠርገው ነው የጠፋው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ብርቄ ቤት ይቺ ቁልፍ አልነበረችም?»

በዕድሜዬ ብዙ ሰው አፉን አስይዣለሁ። እንዲህ የተያዝኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

«ነበረች» አልኩ።

ዘውዴ ጨርቁን አጣጠፈች፤ ለቆሸሸ ጨርቅ የማይገባውን ያህል በጥንቃቄ አጣጠፈችው። «እኔን ስትዋሸኝ ኖረሃል፣ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን አልለመደችም» አለችኝ። ራቴን አቅርባልኝ ሌላ ክፍል ሄዳ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ እንዴት በበላሁ።

ዓርብ

ዛሬ ጁምዓ ስለሆነ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው። ስነሣ አምፕሊው በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀምጧል። ዘውዴን አየኋት።

«አብሬህ አልሄድም። ስትወስደው ብቻህን ነበርክ» አለች።

ብርቄ በሩን ከፍታ አንሶላውን ስታይ ግራ ገባት። «የሞተውን ምን ያመላልስሃል፣ በዚህ ሙቀት?» አለችኝ። አልፌያት ገባሁ። ትንሿን ነቅዬ የተስፋዬን ቦታው ላይ አኖርኩት። ሽቦውን አገናኘሁ። ቁልፏን እንደ ሰኞው ተጫንኳትና አበራሁት፤ ሰማያዊ ብርሃን፣ ዝምታ።

«ብርቄ፣ ጣትሽን አምጪ።»

ጣቷን ቁልፏ ላይ አስቀመጥኩት። ነካቻት። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው፣ እሷም ወደ ኋላ አለች።

በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። «እሑድ ጨርቅሽ ይቺን ነው የተጫነው። ውሃ አልነካውም። አልገደልሽውም፣ ምንም አላደረግሽም። ሰኞ ገና ሳልቀመጥ አይቼዋለሁ። ሞቷል ያልኩሽ ስለፈለግሁት ነው።»

ብርቄ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን መታችኝና «አንተ ሌባ፣ ተስፋዬ እኮ ጠብቂው ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ሻይም አፈላች።

ቤት ስገባ ዘውዴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ይህንኑ ነገርኳት።

«ሳቀች?»

«እንባዋ እስኪወርድ።»

ዘውዴ ሽሮዬን አቀረበች፣ ዛሬ ደግሞ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሿን አምፕሊ ምን እንደማደርጋት ጠየቀችኝ። ብዙ አወራን።

አሁን ዘውዴ ጋደም ብላለች፣ እኔም ይህን ከላይ ያለውን መልሼ አነበብኩት። ሳቁን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጫማውንም፣ ሻዩንም።

ብርቄ አልሳቀችም። ቁልፏን ተጫነቻት፣ ቤቱ ዝም አለ። ለቀቀቻት፣ ዘፈነ። ደግማ ተጫነቻት፣ ደግማ ለቀቀቻት። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «ከእሑድ ወዲህ ተስፋዬን ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደለመንኩት ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ትንሿን ይዘህ ሂድ። ዜና ሊጀምር ነው።»

ይዣት ወጣሁ። ዜናው በዓረብኛ ነበር፣ ብርቄ ግማሹ አይገባትም፤ ድምፁን ግን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋው ነበር፣ ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ ተከተለኝ።

የሆነው ይኸው ነው። ዘውዴ አጠገቤ የተቀመጠችው ስለዚያ ሳቅ ነበር። ነገ ምሳ ሳይቀርብ እነግራታለሁ። እነግራታለሁ ብዬ ጻፍኩ እንጂ፣ መንገሬንም ገና አላውቅም።