ወገቤን የሰበርከው አንተ አይደለህም

ውድ ኤቢሳ፣

አካም ጂርታ? ስልክህን ዘግተህ እጃጂ ስለተደበቅክ ነው የምጽፍልህ፤ እንጂ እኔ ከወረቀት ጋር ምን አለኝ። በፊደሌ እንዳትስቅ።

እየሄድኩ ነው! በሁለት እግሬ! ዛሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ባጃጅ ሳልይዝ ደረስኩ። አብረውን ጭነት የሚያወርዱት እነ ቀንዓ ሲያዩኝ "ሞተ ያልነው ሰውዬ መጣ!" ብለው ጮሁ። "ገና እናንተን እቀብራለሁ" አልኳቸው።

አዲስ አበባ ወገቤን ኦፕራሲዮን ሆንኩ። አጥንቶቹ መሃል ያለችው ትራስ፣ ዲስክ ይሏታል፣ ሾልካ ወጥታ የእግሬን ነርቭ ተጭና እንደ እሳት ታቃጥለኝ ነበር። እኔ እንደ በግ ይሰነጥቁኛል ብዬ ስንቀጠቀጥ፣ ሐኪሟ "ቀዳዳዋ ጥፍርህን ብታክል ነው" አለችኝ። በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብታ፣ በካሜራ እያየች፣ የወጣችውን ቁራጭ ለቀም አደረገቻት። ስነቃ እግሬ ላይ ያ እሳት የለም። አለቀስኩ። ለሰው ብታወራ ግን እክዳለሁ።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ስንጎራደድ "ቀስ በል!" አለችኝ።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ የጎጆ ከተማን ድንች ሁለት ኩንታል የምሸከም ነኝ።"

"ለዚህ ነዋ እኔ ጋ የመጣኸው" ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ዋናው ነገር። ያን ቀን ጆንያውን ስታሸክመኝ ወደቅኩና "ቶሎ ለቀቅከው!" ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰደብኩህ። አንተም ሽባ ያደረግከኝ መስሎህ ጠፋህ። ውሸቴን ነው፣ ኤቢሳ። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ግራ እግሬ ይደነዝዝ ነበር። ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ያላወቅኩበት ቀን ነበር። ግን ወገቡን አመመው ከተባለ ማን ለጭነት ይጠራኛል? ደግሞስ እኔ፣ ኦልጅራ፣ አመመው ልባል? ዋጥኩት። "ሌላም ደርብበት" ያልኩህም እኔው ነኝ።

ይሄን ሁሉ ለሐኪሟ ስነግራት "ለጓደኛህስ ነገርከው?" አለችኝ።

ዛሬ እነ ቀንዓ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ቀንዓ "ታዲያ ልጁን ምን አስቀመጠው? ጥራው እንጂ" አለኝ። እኔ ሦስት ወር ምንም እንዳላነሳ ተከልክያለሁ። የአንተ ቦታ ግን ክፍት ነው።

ና። መጀመሪያ እንደልብህ ስደበኝ። ቆሜ እሰማሃለሁ።

ጥፋተኛው ጉልቤ፣
ኦልጅራ
ከአምቦ